የኪልማርኖክ ባለሱቅና እናቴ

በከተማችን የውስኪ ጠርሙስ ከመጠጥነቱ ይልቅ ምስክርነቱ ይበዛል። ቤት ሲመረቅ፣ ሹመት ሲገኝ፣ ከውጭ አገር ዘመድ ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ ይቆምና ስለ ባለቤቱ ይመሰክራል። በስንቱ ሳሎን ቡፌው ውስጥ፣ ከሠርጉ ፎቶግራፍ አጠገብ፣ ክዳኑ ሳይከፈት ዓመታት የሚቆጥር ጠርሙስ አለ! ከሚጠጡትም ብዙዎቹ በረዶ ሞልተው ኮካ ይደፉበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀምሱት ኮካውን ነው።

ጀማሪ ከርካሹ ቅይጥ ይጀምር ይላሉ አዋቂዎቹ። "ርካሽ" የሚለውን ቃል በስኮቶች ሚዛን ተረዱልኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር ለሚውል እንደ እኔ ላለ የባንክ ሠራተኛ ከወሩ አስቤዛ ጋር የሚገፋፋ ዋጋ ነው። ያም ሆኖ ባለፈው የግንቦት ልደታ ዋዜማ፣ አንድ ሬድ ሌብል ገዝቼ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እስከ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። እናቴ በዓሉን ከእኔ ጋር ልታሳልፍ ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር።

ስለ መጠጡ ጥቂት ልበል። በአገሩ ሕግ ስኮች ለመባል በስኮትላንድ ምድር ተጠንስሶ፣ እዚያው ወጥቶ፣ በኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ ቢያንስ 3 ዓመት መተኛት አለበት፤ አልኮሉም ከ40 በመቶ ማነስ የለበትም። አንደኛው ዓይነት ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በመዳብ ጋን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ ይወጣል። ሌላው ከስንዴ ወይም ከበቆሎ፣ ያለማቋረጥ በሚሠራ ረጅም ዓምድ የሚወጣ ለስላሳ መጠጥ ነው። በዚህ ዓምድ እ.ኤ.አ. በ1830 የፈጠራ መብት የወሰደው ኤኒያስ ኮፊ በአየርላንድ የቀረጥ ሹም የነበረ ሰው ነው፤ አረቄ አውጪዎችን ሲያሳድድ ኖሮ መጨረሻ ላይ ለእነርሱው መሣሪያ ሠራላቸው። ሁለቱን ዓይነት ያቀላቀሉት ቅይጥ ይባላል። የ1860ው ሕግ ቀረጥ ሳይከፈል በፊት መቀየጥን ሲፈቅድ ሥራው በባለሱቆች እጅ ደራ።

ስሙም ታሪክ አለው። "ውስኪ" የመጣው ከስኮቶቹ የጥንት ቋንቋ ሲሆን ትርጉሙ የሕይወት ውሃ ነው። "አረቄ" ደግሞ ላብ ማለት ከሆነ የዓረብኛ ቃል የተወሰደ ነው፤ ከጋኑ አፍ ጠብ ጠብ የሚለውን አይተው ነው ያሉት። ስኮቶቹ ስሙን ከተስፋው አወጡለት፣ ዓረቦቹ ከሥራው። እኔ በላቡ አምናለሁ። ትምህርት ቤት የሄድኩበት ደብተር፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሁበት ሻንጣ፣ ዲግሪዬን የተቀበልኩበት ጫማ፣ ሁሉም በሸምበቆ ጫፍ ጠብታ ሆኖ የወረደ ነው።

እናቴ አረቄ ታወጣ ነበር። ጌሾውን ወቅጣ፣ ብቅሉን አስፈጭታ፣ ድፍድፉን ትጥላለች፤ ሲደርስ እሳት ላይ ጥዳ ከአፉ ሸምበቆ ታስገባለች፣ መገጣጠሚያውን በጭቃ ትመርጋለች። የሸምበቆው ሌላ ጫፍ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠ ዕቃ ይወርዳል። እኔ ውሃው ሲሞቅ የምቀይር ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ የሚወጣው ተራ ነው፤ እሱኑ መልሳ ስታወጣው ዳግም ይሆናል። ከዳግሙ ጥቂት እሳት ላይ ጠብ ታደርግና ነበልባሉን አይታ ዋጋውን ትቆርጣለች። ስኮቶቹ ሁለቴ ያወጣሉ የሚለውን ሳነብ ለብቻዬ የሳቅሁት ለዚህ ነው።

ያን ማታ ጠርሙሱን ከፈትኩ። መለኪያ አልተጠቀምኩም፤ መለኪያ እስከ አፉ ስለሚሞላ ለሽታ ቦታ አይተውም። ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይሻላል። ብርሌም ሞክሬ ነበር፤ ሽታውን አሳምሮ ይይዛል፣ ችግሩ አፍንጫ አያስገባም። ከሩቡ በታች ቅዱ፣ አፋችሁን ገርበብ አድርጋችሁ አሽትቱ፤ አፍ ከተዘጋ አልኮሉ አፍንጫን ይወጋል። እኔ ያገኘሁት መጀመሪያ ጣፋጭነት ነው፣ ፖም የመሰለ፤ ከዚያ ቀረፋና ቁንዶ በርበሬ፤ ከሁሉም በኋላ፣ ከሩቅ፣ ጢስ። ጥቂት ጠብታ ውሃ ሲጨመርበት ጢሱ ቀረብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች ምክንያቱን በኮምፒውተር ስሌት አሳይተዋል፦ አልኮሉ ሲቀጥን የጢስ ጠረን ያለው ንጥረ ነገር ወደ ፈሳሹ ገጽ ይወጣል። ውሃ መጨመር ነውር አይደለምና አትፈሩ።

"እማዬ፣ እስቲ ቅመሺው" አልኳት።

ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ብርጭቆውን ተቀበለችኝ። አልጠጣችም። ለረጅም ጊዜ አሸተተች፤ ከዚያ በምላሷ ጫፍ ነካችው።

"ብቅሉን አጭሰውታል" አለች። "ዳግም ነው፤ ግን ውሃ ነክቶታል።"

ሁለቱም እውነት ነው። እዚያ ከረግረግ የሚቆፈር፣ ለዘመናት የተከማቸ የበሰበሰ ሣርና ሥር ደርቆ ይነድና ጢሱ ከብቅሉ ላይ ያልፋል። ከበርሜል የሚወጣው ብርቱ መጠጥም ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት በውሃ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። እኔ ከብዙ ንባብ ያገኘሁትን እርሷ በአንድ ማሽተት ጨረሰችው። መጻሕፍቱ ጀማሪን የሚያስጠነቅቁት ስለ ጢሱ ነው፤ ይከብደዋል እያሉ። በወይራ የታጠነ ጋን ጠላ ሲጠጣ ላደገ ሰው ግን ጢስ ከመጠጡ ሁሉ የሚቀርበው ዘመዱ ነው።

"ሦስት ዓመት በርሜል ውስጥ ይተኛል" አልኳት።

"ሦስት ዓመት!" ብርጭቆውን አስቀመጠች። "እስከዚያ ምን ይበላሉ?"

የባንክ ሰው ነኝና ጥያቄው ገባኝ። በርሜል ውስጥ የተኛ መጠጥ የታሰረ ካፒታል ነው፤ ያውም በየዓመቱ 2 በመቶ ያህሉ በእንጨቱ ቀዳዳ እየተነነ የሚያልቅ፤ "የመላእክት ድርሻ" ይሉታል። ያን ኪሳራ ተሸክሞ የሚጠብቅ ሰው ወይ ሀብት ወይ አበዳሪ አለው። የእናቴ አረቄ ሳይበርድ ይሸጥ ነበር። ብታስቀምጠው ምን ይሆን እንደነበር አስባለሁ፤ የደብረ ብርሃን ገብስና ብርድ ከስኮትላንድ የሚያንስ አይመስለኝም። መስከረም ግን በርሜል አይጠብቅም፤ የትምህርት ቤት ምዝገባ አለው።

ዋጋውን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። በጣቶቿ ስትቆጥር ቆየች፤ በስንት መለኪያ እንደሚመለስ እያሰላች መሆኑን አወቅሁ። ከዚያ ጠርሙሱን አንስታ ባርኔጣ ደፍቶ የሚራመደውን ሰውዬ ተመለከተች።

"ያወጣው እሱ ነው?"

"አይደለም። ጆን ዎከር በኪልማርኖክ ከተማ ባለሱቅ ነበር፤ ሱቁን እ.ኤ.አ. በ1820 ከፈተ። ልጁ አሌክሳንደር ቅይጡን በ1867 አስመዘገበው። ጠርሙሱን አራት ማዕዘን ያደረገው እንዳይሰበርና ሣጥን ውስጥ ብዙ እንዲገባ ነው፤ ወረቀቱንም 24 ዲግሪ አጋድሞ ለጠፈው። ቀይና ጥቁር የሚለው ስም በ1909 መጣ..."

"ሻጩ ነዋ" አቋረጠችኝ። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ ከፊትም ከኋላም አየችው፤ ማንበብ አትችልም። "ያወጣው ሰው ስም የትኛው ጋ ነው የተጻፈው?"

አልተጻፈም አልኳት። ብርጭቆዋን መልሳ አነሳችና ትንሽ ውሃ እንድጨምርላት ጠየቀችኝ።