ሄርስታይንና የሻይ ዕዳዬ

ሄርስታይንን መጀመሪያ የተዋወቅኩት በአፍንጫዬ ነው። አራት ኪሎ፣ ከሳይንስ ፋኩልቲው ወረድ ብላ ከነበረች ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ገና ትኩስ እያለ፣ ቀለሙ እየሸተተ ተረከብኩት። ጎረቤቷ ፓስቲ ቤት ስለነበር የዘይቱም ሽታ ገጾቹ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ዛሬም ፓስቲ ሲጠበስ ሲሸተኝ ቀድሞ የሚመጣብኝ ረሃብ ሳይሆን አልጀብራ ነው። ምን ላድርግ!

መጽሐፉ በ1964 እ.ኤ.አ. የታተመው «ቶፒክስ ኢን አልጀብራ» ነው። እኛ ግን የምንጠራው በደራሲው ስም ነበር። ማታ ማታ የዶርሙ ኮሪደር ላይ «ሄርስታይን ያለው አለ?» ይባላል፣ ስኳር እንደሚበደር ሰው። የእኔ ቅጂ ጠርዙ የጠቆረ፣ በወፍራም ክር የተጠረዘ ሆኖ አንድ ገጽ ጎድሎታል። የጎደለው ደግሞ የግሩፕ መልመጃዎቹ ያሉበት! ከእኛ አንድ ዓመት የምትቀድም፣ ለቀልድ «እትዬ» የምንላት ልጅ ይህን ሰምታ ገጹን ከራሷ መጽሐፍ በእጇ ገልብጣ አመጣችልኝ። ከግርጌው «ሻይ አለብህ» ብላበታለች።

ከመልመጃዎቹ አንዷ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሳችኝ። በአንድ ግሩፕ ውስጥ የማንኛውም ሁለት አባላት ብዜት ካሬ፣ የየራሳቸው ካሬ ብዜት ከሆነ፣ ግሩፑ አቤልያን፣ ማለትም ብዜቱ ፊትና ኋላ ቢቀያየር የማይለወጥ፣ መሆኑን አሳይ ትላለች። እትዬ ካፌ ቁጭ ብለን የዳቦ መጠቅለያውን ወረቀት ዘረጋችና በኛው ፊደል ጻፈች፦ ሀለሀለ = ሀሀለለ። «በል ከፊት አንድ ሀ፣ ከኋላ አንድ ለ አንሳ» አለችኝ። አነሳሁ። የቀረው ለሀ = ሀለ። አለቀ! ሻዬ ቀዝቅዞ ወረቀቱ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ።

ሰውዬውን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው። በ1923 ፖላንድ፣ ሉብሊን ተወልዶ ካናዳ ያደገ፣ በ1948 ኢንዲያና ላይ በማክስ ዞርን ሥር ዶክትሬቱን የሠራ፣ ረጅም ዘመን ቺካጎ ያስተማረ። እስከ 1988፣ እስከሞተበት ዓመት፣ ልቡ የነበረው ሪንግ (መደመርና ማባዛት ያለው የአልጀብራ መዋቅር) ላይ ነው፤ በተለይ የማባዛት ቅደም ተከተል ዋጋ ያለው ሪንግ ላይ። ቡና ቆልቶ መውቀጥና ወቅጦ መቁላት አንድ አይደለም። «ታዲያ መቼ ነው አንድ የሚሆነው?» ነው ጥያቄው። ስሙን የያዘው ቴዎረም የሚለው ይህን ነው፦ እያንዳንዱ አባል ከአንድ በላይ በሆነ በአንድ ፓወር ከፍ ብሎ ራሱ ሲቀነስለት፣ የሚተርፈው ከሁሉም ጋር ፊትና ኋላ መቀያየር ከቻለ፣ ሪንጉ በሙሉ ይቀያየራል። በ1968 «ኖንኮሚውቴቲቭ ሪንግስ»ን ያሳተመ ሰው፣ ያቺን የሀለሀለ ጨዋታ ለጀማሪ ሲሰጥ ከራሱ ገበታ ነበር ለካ የሚያጎርሰን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እስካሁን የሚያስቀኝ። ሌሎች መጻሕፍት ፈንክሽኑን አስቀድመው የሚሠራበትን ነገር በቅንፍ ያስከትላሉ። ሄርስታይን በዚያ መጽሐፍ ነገሩን አስቀድሞ ፈንክሽኑን ከቀኝ ይጽፈዋል። ስንቱ ተማሪ ተማሮበታል! ለኔ ግን የሀገሬ ሰው ሆኖ ታየኝ፤ እንደ አማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

አሁን መጽሐፉ ስልኬ ውስጥ አለ፤ ጥርት ያለ፣ ገጽ ያልጎደለው፣ ምንም የማይሸት። ጥራዙንም አልጣልኩትም። በእጅ የተጻፈችው ገጽ ወይባ እዚያው መሃል ተቀምጣለች። እትዬ ተመርቃ ከሄደች ወዲህ ተገናኝተን አናውቅም፤ ሻዩንም አልከፈልኳትም። ያን ቀን የዳቦውንም ሒሳብ የዘጋችው እሷ ነበረች።