ለካሜራ ሲባል ሰርግ ይራዘማል እንዴ?

እናንተዬ! ያገለገለ ካሜራ ልትገዙ ስትነሱ «ፊልተር ያለው ነው የሌለው?» የሚል ጥያቄ ሳይገጥማችሁ አይቀርም። ፊልተር ያለው ካሜራ ሁሉ ፎቶ ያደበዝዛል ተብሎ ስሙ ጠፍቷል። እስቲ ነገሩን እናጥራው።

የካሜራ ሴንሰር ላይ ብርሃን የሚቀበሉ ሚሊዮን ነጥቦች በረድፍ ተደርድረዋል። የምታነሱት ልብስ በደቃቅ ክር የተሸመነ ከሆነና ክሩ ከነጥቦቹ ረድፍ ጋር ከተጋጨ፣ ልብሱ ላይ የሌለ ማዕበልና ቀለም ፎቶው ላይ ይወጣል። ሞይሬ ይሉታል። ፊልተሩ የሚቀመጠው ይህን ለመከላከል ነው። እያንዳንዱን የብርሃን ጨረር አራት ቦታ ከፍሎ ምስሉን በጣም በጥቂቱ ያለሰልሰዋል። ማዕበሉ ይቀንሳል፤ ጥራቱም ትንሽ ይነካል።

ኒኮን በ2012 እ.ኤ.አ. ባለ 36 ሜጋፒክስሉን ዲ800 ሲያወጣ የፊልተሩ ሥራ የተሻረበትን ዲ800ኢም አብሮ አቀረበ። አሜሪካ ውስጥ ልዩነቱ 300 ዶላር ነበር። ካኖንም በ2015 በ5ዲኤስና በ5ዲኤስ አር ተመሳሳይ ምርጫ ሰጠ።

አሁን ወደኛ ሰፈር ልምጣ። ሰርግ እያነሳ የሚኖር የሙያ ጓደኛ አለኝ። የራሱን ሰርግ ቀን ከቆረጠ በኋላ እቁብ ደረሰው። ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሰርጉን አራዝሜ ፊልተር የሌለው ካሜራ ልግዛ፤ ፎቶዬ እየደበዘዘ ደንበኛ ሊሸሸኝ ነው!» እጮኛው ደውላ አለቀሰች። «ወንድሜ፣ እባክህ ንገረው፤ ሽማግሌ እኮ ተልኮ አልቋል!»

በባዶ ሜዳ ከምንከራከር ብለን ፊልተር የሌለውን ለአንድ ቀን ተከራየንና ከእሱ ካሜራ ጋር አፋጠጥናቸው። በትራይፖድ፣ በአንድ ሌንስ፣ የድንጋይ ግንብ አነሳን። ኮምፒዩተር ላይ አጉልተን ስናይ ፊልተር የሌለው ይበልጣል፤ አልዋሽም። በአልበም መጠን ስናሳትማቸው ግን የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተን። በእጃችን ይዘን በ1/60 ሰከንድ ስናነሳማ ሁለቱም እኩል ደበዘዙ! ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 16 ስናጠብም ልዩነቱ ጠፋ፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ራሱ ይበተናላ! በመጨረሻ ደቃቅ መስመር ያለውን ሱፍ ኮቴን አነሳን። ፊልተር በሌለው ካሜራ ኮቴ ቀስተ ደመና መስሎ አረፈው። የሰርግ ፎቶ አንሺ ቀኑን ሙሉ የሚያነሳው ደግሞ ማንን ነው? ሱፍ የለበሰ ሙሽራና ሚዜ! ጓደኛዬ ካሜራውንም ቀኑንም ሳይቀይር ቀረ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ከትራይፖድ የማትለዩ፣ ተራራና ሕንፃ የምታነሱ ከሆነ ፊልተር የሌለው ይጠቅማችኋል። ሰርግና ፋሽን የምታነሱ ግን መጀመሪያ ፍጥነቱን ወደ 1/250 ከፍ አድርጉ፣ ፎከሱን ዓይን ላይ ጣሉ፣ ሌንሱን ወልውሉ። ገንዘብ ከተረፈ ጥሩ ሌንስ ግዙ። ከዚያም በኋላ ከደበዘዘ ፊልተሩን ክሰሱት። ካሜራ በሚቀጥለው እቁብም ይገዛል፤ ቀን ተቆርጦላት የምትጠብቅ ልጅ ግን በዕጣ አትወጣም!