ከኤሊዋ ጋር በሞሃቪ በረሃ

ጡረታ በወጣን ሰሞን ባለቤቴ «እስቲ አሁን ደግሞ አሜሪካን እንያት» አለኝ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ሲነዳ ያያት አሜሪካ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ሆቴሎቹ ያለችውን ነው። እኔም ከሆስፒታል ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሆስፒታል ነበርኩ። ያጠራቀምነውን ይዘን ያገለገለ ሞተርሆም ገዛን። ለማያውቁት አንባቢያን፣ ሞተርሆም ማለት ቤትም መኪናም የሆነ ነገር ነው፤ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና መጸዳጃ ቤት አለው። የኛው ሰባት ሜትር ተኩል ይረዝማል። የልጅ ልጃችን፣ ቤቷን ተሸክማ ስለምትሄድ «ኤሊ» አለቻት፤ ስሙም ጸናባት።

ስድስት ሳምንት ተጓዝን። ሲያትል ልጃችን ዘንድ ደርሰን፣ የፓስፊክን ዳርቻ ይዘን በኦሪገንና በሳን ፍራንሲስኮ አድርገን ሎስ አንጀለስ ገባን። የዚያ ሁሉ አገር ወሬ ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ። ዛሬ የምጽፈው ስለ መጨረሻው ቀን ነው፤ ከሎስ አንጀለስ ወደ ቤታችን ስለተመለስንበት 435 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ።

ጳጉሜን 4 ቀን ነበር። ቤት ገብተን ለእንቁጣጣሽ ልናጸዳ፣ ዶሮውን ልናሰናዳ ቸኩለናል። በዋዜማው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከተማዋ በ2002 (እ.ኤ.አ.) «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ በሰየመችው ሰፈር፣ በርበሬና ኮረሪማ፣ እንጀራና ዳቦ ቆሎ ሸምተን ኤሊዋን ሞልተናታል። ውስጧ መርካቶ መርካቶ ይሸታል።

ባለቤቴ ስኳር ከያዘው አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ጠዋት ኢንሱሊኑን ተወጋ፤ ቁራሽ ዳቦ በሻይ ቀመሰና «ሙቀቱ ሳይበረታ እንውጣ፤ ባርስቶው ስንደርስ በደንብ እንበላለን» አለ። ካሆን የሚባለው የተራራ መተላለፊያ ላይ አደጋ ደርሶ ኖሮ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆምን። ባርስቶው ስንደርስ ቀኑ ተጋምሷል፤ ምግብ ቤቱ ሁሉ ሰልፍ ነው። «ከእንግዲህ ምን ቀረን? ቤታችን እንበላለን» አለ። እኔም እሺ አልኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ስኳር ላለበት በሽተኛ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ምን በላህ?» የሚል ነበር።

ከባርስቶው እስከ ቤከር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተራሮቹ የተራቆቱ ናቸው፤ ቁጥቋጦዎቹ የተጣሉ ይመስል ተራርቀው ቆመዋል። በዚህ በረሃ ሞሃቪ የሚባል ወንዝ አለ። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን መንገዱን ከአሸዋ በታች ነው የሚሄደው፤ ባሕርም አይደርስ፣ ቤከር አጠገብ ሶዳ ሌክ የሚሉት ደረቅ የጨው ሐይቅ ላይ ያልቃል። ይህን ስሰማ ልቤ አዋሽ ዳር ሄደ። አዋሽም ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ጠረፍ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በ1977 ዓ.ም. የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ መጀመሪያ የተመደብኩት በዚያ ወንዝ ዳር፣ መልካ ወረር አካባቢ ነው። ከጥጥ እርሻው ሙቀት የመታቸው የቀን ሠራተኞች በቃሬዛ ይመጡልን ነበር፤ ቆዳቸው እንደ ምጣድ የሚፋጅ፣ የሚቀባዥሩ። በእርጥብ አንሶላ እየሸፈንን እናራግብላቸዋለን። ከዚያ ወዲህ በረሃ ሳይ የሚታሰበኝ የሙቀት ምት ብቻ ነው። የዚያን ቀንም ውሃ በየጠርሙሱ ሞልቼ፣ ፎጣ አርጥቤ፣ ለሙቀቱ ተዘጋጅቼ ነበር። ለሌላ ነገር ግን አልተዘጋጀሁም።

ቤከር ትንሽ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። የምትታወቀው 134 ጫማ፣ ማለትም 41 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቴርሞሜትሯ ነው። ቁመቱ ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ ከዚያው ሰሜን ባለው የሞት ሸለቆ በ1913 (እ.ኤ.አ.) በሐምሌ የተመዘገበው ሙቀት 134 ፋራናይት ነበር፤ በኛ 56.7 ዲግሪ። እዚያ ባለፍን ቁጥር ባለቤቴ «ዳሎልም ግንብ የሚሠራላት ሰው አጥታ ነው እንጂ!» ይላል። የዚያን ቀን ቴርሞሜትሩ 108 ያሳያል፤ 42 ዲግሪ መሆኑ ነው። ባለቤቴ ምንም ሳይል አለፈ። ልብ አላልኩም።

ቤከር ከባሕር ጠለል በላይ 300 ሜትር አትሞላም። ከዚያ ተነስቶ መንገዱ ሳያርፍ ይወጣል፣ ይወጣል፤ ሃሎራን ጫፍ ሲደርስ ከ1,200 ሜትር ያልፋል። ሞተር እንዳይግል ኤሲ አጥፉ የሚል ምልክት ተተክሏል። አጥፍተን መስኮት ከፈትን። የሚገባው ነፋስ እንጀራ ሲጋገር አክንባሎ ሲነሳ ፊት ላይ የሚመጣው ዓይነት ነው። ከከባድ መኪናዎቹ ኋላ ተሰልፈን እያዘገምን ሳለ የባለቤቴ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቆ አየሁ። ውሃ ሰጠሁት፤ «አልፈልግም አልኩ!» ብሎ እጄን ገፋው። እኛ ቤት እንደዚያ መነጋገር የለም። ሙቀቱ ነው ያናደደው ብዬ ተውኩት። ጥቂት እንደሄድን ጎማው የአስፋልቱን ዳር ጉርብጥብጥ ነካ፤ ኤሊዋ ተንቀጠቀጠች፣ ከኋላ ሳህኖቹ ተንኳኩ። መለሳት። እንደገና ነካ።

እጄን አንገቱ ላይ ሳደርግ ላቡ ቀዝቃዛ ነው።

በደረቅ በረሃ ላብ ብዙም አይታይም፤ ከቆዳ እንደወጣ ይተናል። የኔ ቀሚስ ደረቅ ነው፣ የሱ ሸሚዝ ቢጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። በ42 ዲግሪ ውስጥ ቀዝቃዛ ላብ! ሙቀት አይደለም፤ ስኳሩ ወርዷል። አንድ ጀማሪ ተማሪ ይህን ስታ ቢሆን ኖሮ እንዴት አድርጌ እንደምቆጣት አውቃለሁ።

መጨቃጨቅ ጊዜ ይፈጃል። መሪውን በግራ እጄ ደገፍኩና ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብዬ «ቀጥሎ መውጫ አለ፤ እዚያ ትንሽ እናርፋለን» አልኩት። ሃሎራን ስፕሪንግስ የሚባለው መውጫ ነው፤ ሰው የሌለበት። ቆምን፤ ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። መለኪያው 52 አለ። ከ70 በታች ሲሆን ዝቅተኛ እንለዋለን፤ እሱ ደግሞ መሪ ይዞ ዳገት ላይ ነበር። ግማሽ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ አጠጣሁት፣ ጄኔሬተሩን አስነስቼ የጣሪያውን ኤሲ ከፈትኩ። አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቄ ለካሁ፤ 66። ደግሜ አጠጣሁት። በሦስተኛው 98 ሲል ባለቤቴ ዙሪያውን አየና «ሲስተር፣ ቤከርን አለፍን እንዴ?» አለኝ። ያ ሰማይ ጠቀስ ቴርሞሜትር በፊቱ ማለፉን አያስታውስም።

እንጀራውን ፍርፍር አድርጌ አበላሁት። (ስኳር ያለበት የቤተሰብ አባል ላላችሁ ይህን ልንገራችሁ፦ ሙቀት የተወጋው ኢንሱሊን ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል፤ በሞቃት ቀን ምግብ የሚዘለው ሰው ሁለት እዳ ነው ያለበት።) እንደጠገበ ተነስቶ ቁልፉን ጠየቀኝ።

«ተሽሎኛል።»

«ዛሬ አትነዳም።»

«አንቺ ነሽ የምትነጂያት?»

እውነቱን ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ መሪዋን ነክቼ አላውቅም። የራሴን ትንሽ መኪና ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፤ ኤሊዋን ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ባዶ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሞክሬ፣ ጀርባዋ የት እንደሚያልቅ ጠፍቶኝ ወርጃለሁ። ወንድ ልጃችንን እንዳልጠራ ስልኬ አይሠራም፤ ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነው። ባለቤቴ ረጅም ነው። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደፊት ሳብኩና ትራስ ደርቤ ተቀመጥኩ።

የቀረውን ዳገት ሁለት እጄን መሪው ላይ ቸንክሬ ወጣሁት። ከባድ መኪና በጎኔ ባለፈ ቁጥር ነፋሱ መጀመሪያ ይገፋታል፣ ከዚያ ወደራሱ ይስባታል። አንድ ዓይኔ ስፖኪዮው ላይ፣ አንዱ የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ላይ ነው። ከ1,400 ሜትር በላይ ያለውን ማውንተን ፓስን ካለፍን በኋላ ደግሞ ቁልቁለቱ መጣ። «ማርሽ ቀንሺ፤ ፍሬኑን ይዘሽ አትቆዪ፣ ያዝ ለቀቅ» ይለኛል ከጎኔ። ድምፁ ተመልሷል። ታች ሜዳው ላይ በብዙ ሺህ መስተዋቶች የተከበቡት ሦስት የፀሐይ ኃይል ማማዎች ቆመዋል። ሌላ ጊዜ ስናልፍ ሁልጊዜ ፎቶ አነሳቸው ነበር።

የኔቫዳን ድንበር ስናልፍ መሸ። ከዚያ በኋላ ትልቁ ጨለማ ሲሆን፣ ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ቀርቶናል። መጀመሪያ ሰማዩ ላይ ውጋጋን ታየ፤ ከዚያ የቬጋስ መብራት እንዳለ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። ለዓመታት አንዴም አምሮኝ አያውቅም ነበር። ባለቤቴ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠመ፣ እያንዳንዱን ሆቴል ከነመግቢያው ይቆጥርልኛል።

ቤት ስንደርስ ጣቶቼ ከመሪው አልላቀቅ አሉ። ስኳሩ 131።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃ ላወርድ ስወጣ ባለቤቴ የሹፌሩን ወንበር ወደ ኋላ ለመመለስ ሲታገል አገኘሁት። ትራሱን አንስቶ መሬት ላይ አስቀምጦታል።

«ተወው፤ እንዳለ ይሁን» አልኩት።