አጥፋው ያልኩት እኔ ነኝ

የዶርም ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ አልበሙን ሲሠራ «ስቱዲዮው» ተደራራቢ አልጋችን ነበር። የኔንና የሱን ብርድ ልብስ ከላይኛው አልጋ ዙሪያውን ያንጠለጥላል፤ ክራሩን ታቅፎ፣ ጉልበቱን አጥፎ ከታች ይገባል። እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን «እባካችሁ ዝም!» እላለሁ። አሳታሚ የለ፣ ባንድ የለ፣ ገንዘብማ ከየት መጥቶ! ያለው አንድ ማይክሮፎንና የተዋሰው ኮምፒውተር ነው።

ድፍረቱን ያገኘው ከኃይሉ መርጊያ ነው። ኃይሉን በዋልያስ ባንድ ኦርጋኑ እናውቀዋለን። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ከቀሩት አንዱ ነው። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ «ሸሞንሟናዬ»ን ብቻውን ቀዳ፤ የወጣትነት አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩን ሁሉ ራሱ ተጫወተ፤ ከበሮውን ማሽን መታለት። በካሴት ወጣ። ኃይሉ ኋላ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ተሰማ። ጓደኛዬ ይህን በተረከልኝ ቁጥር «አየህ፣ አንድ ሰው ይበቃል!» ይል ነበር።

እኔም ካሴቱን እወደዋለሁ። ማሽኑ እኮ አይደክምም፣ አይሳሳትም፤ የአኮርዲዮኑ ትንፋሽ ግን የሰው ነው። አንድ ላይ ሲሄዱ ሰውየው ይበልጥ ይሰማል። ይህ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

የጓደኛዬ ስምንተኛ ዘፈን ለአባቱ ነበር። አባቱ ያረፉት እኛ ሁለተኛ ዓመት ስንገባ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ ሲቀዳ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፁ ተሰበረ፤ ክራሩም ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። ብርድ ልብሱን ገልጦ ወጣና «እህስ?» አለኝ።

እኔ ብልጡ፣ «ድምፅህ ተሰንጥቋል፣ ምቱም ጠፍቶሃል፤ አጥፋውና እንደገና» አልኩት። አጠፋው።

በዚያ ሌሊት 11 ጊዜ ደገመው። በ11ኛው አንድም እንከን አልነበረውም፤ አባቱም አልነበሩበትም። ሁለታችንም ሰማነው፤ ሁለታችንም ዝም አልን። ጠዋት ብርድ ልብሴን አጣጥፎ መለሰልኝ።

አልበሙ በሰባት ዘፈን ወጣ። ሰው ወዶለታል፤ እኔንም «ካላንተ አይሆንም ነበር» እያለ ያመሰግነኛል። ይኼ ምስጋና ነው የማይዋጥልኝ። ኃይሉ ብቻውን ስለነበር ጎኑ ቆሞ «አጥፋው» የሚለው እንደኔ ያለ አዋቂ አልነበረበትም ይሆን? እላለሁ አንዳንዴ።

እዚህ ገጽ ላይ የምንጽፍም ረቂቃችንን እንለዋወጣለን፣ እንተራረማለን፤ ደግ ነው። ነገር ግን ወዳጆቼ፣ የጓደኛችሁ ድምፅ የተሰበረበት ቦታ ስትደርሱ፣ እርማቱን ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሩት። እኔ አላሳደርኩትም።