ዶላሩ ቢወጣ ቢወርድ…

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ነገ የማይለወጥ ምን አላችሁ? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያው ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ደመወዜ ባለበት ቆሞ የቤት ኪራዬ ሲጨምር እኔም ጭንቅ ውስጥ ገባሁ።

ያረጋጋኝ ሰቆቃወ ኤርምያስ ነው። አምስት ምዕራፍ ያለው የለቅሶ መጽሐፍ ነው፤ ኢየሩሳሌም ፈርሳለች። ታዲያ መሀሉ ላይ፣ ምዕራፍ ሦስት ውስጥ፣ አልቃሹ የእግዚአብሔርን ምሕረት ያስታውሳል። ልብ በሉ፣ ከተማዋ ገና አልተጠገነችም! የተደገፈው በአምላኩ ባሕርይ እንጂ በተሻሻለ ኑሮ አይደለም።

እኔም ጠዋት ስለ ኪራዩ ከመለመኔ በፊት «አንተ አልተለወጥክም» እለዋለሁ። ኪራዩ እንደሆነ አልቀነሰም። የዛሬን ሥራ የምሠራበት ልብ ግን አላጣሁም። እናንተስ ምን ላይ ተደግፋችኋል?