«ስንት ትሸጠዋለህ?»

ፎቶው በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተለቀቀው እሁድ ማታ ነው። ከኮምፐርሳቶ ተቆርጦ የተሠራ፣ ክንድ የማይሞላ የበረንዳ ጌጥ፤ ዳር ዳሩ እንደ ጥለት በአበባና በቅጠል ቅርጽ የተበሳሳ። ሠሪው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር፣ አውቶቡስ እየነዳ የሚተዳደር የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። ከፎቶው ሥር አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፦ «ይህን ታስታውሱታላችሁ?»

ለጥያቄው መልስ የሰጠ የለም። የመጀመሪያው መልእክት «ስንት ትሸጠዋለህ?» የሚል ሆነ። ሁለተኛው «ለዚህ ስንት ሰዓት አጠፋህ?» አለ። ሦስተኛው ከአጎቱ ልጅ ነው፣ ከነሳቁ ምልክት፦ «አሜሪካ ሄደህ ጠይብ ሆነህ ቀረህ?»

ማሽኑ ስክሮል ሶው ይባላል። ከሩቅ ሲያዩት የልብስ ስፌት መኪና ይመስላል። ከክር ብዙም የማይወፍር ምላጭ ከላይም ከታችም ተይዞ ሽቅብ ቁልቁል ይመላለሳል። መጋዙ ባለበት ይቆማል፤ የሚዞረው እንጨቱ ነው። መሃል ላይ ቀዳዳ ለማውጣት መጀመሪያ በድሪል ይበሳል፣ የምላጩ የላይኛው ጫፍ ይፈታል፣ በቀዳዳው ያልፋል፣ እንደገና ታስሮ ይወጠራል፣ ከዚያ በኋላ ነው መቁረጥ የሚጀመረው። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ እንዲሁ። እሱ የለጠፈው ጌጥ 64 ቀዳዳ አለው።

ይህ ሥራ ችኮላ አይወድም። እንጨቱን የገፋ ሰው ምላጩ ይጎብጥበታል፣ ቁርጡ ይጣመምበታል፣ ቀጥሎ ምላጩ ጧ ብሎ ይበጠሳል። ውጥረቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ ምላጩን በጣት ነካ አድርጎ እንደ ክራር አውታር ማዳመጥ ነው። የመሃሉ ቅርጽ ሳያልቅ ዳሩ ከተቆረጠ ደግሞ በእጅ የሚያዝ ቦታ ይጠፋል። ስምንት ሰዓት ሙሉ የተሳፋሪ ጩኸትና የመንገድ መጨናነቅ ሲያስተናግድ ለዋለ ሰው፣ ምድር ቤት ወርዶ ሰጋቱራ እየነፋ መቀመጥ ምን እንደሚሰጠው ለማስረዳት ይከብዳል። በዋጋ ለጠየቀው ሰው ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል።

መሸጥ በራሱ ነውር ሆኖ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ በአሜሪካ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ ሥራ የፈቱ አናጺዎችና አርክቴክቶች በእንዲህ ያለ መጋዝ ሥዕል እየቆራረጡ፣ የሚገጣጠም ጨዋታ ሠርተው ይሸጡና ያከራዩ ነበር። እንጀራ ሆኗቸዋል። ችግሩ እኛ ዘንድ «ስንት?» የሚለው ጥያቄ ከ«እጅህ ይባረክ» መቅደሙ ነው።

የአጎት ልጅ ቀልድም ከዚያው የሚመጣ ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሙያቸው ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ ቴሌግራም ገብቷል። ዛሬም የእጅ ሥራ ከንቀት የሚተርፈው ገንዘብ ሲያመጣ ነው፤ ካላመጣ ሠሪው ወይ ሥራ ፈት ነው፣ ወይ «ጠይብ»።

እሱ የጠየቀው ግን ሌላ ነገር ነበር። አዲስ አበባ ገና ከተማ ስትሆን የህንድና የአርመን ባለሙያዎች የተሳተፉባቸው፣ ሰፊ የእንጨት በረንዳ ያላቸው ቤቶች ተሠርተው ነበር። ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን የራስ ብሩን ቤት ያየ ሰው የዘመኑን አሠራር ያውቀዋል። የእነሱ ቤት የራስ ቤት አልነበረም፤ አራዳ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ የተጋራው ያረጀ ቤት ነው። በረንዳው ግን ያ ጌጥ ነበረው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። የቀረው የእህቱ ክርስትና ቀን የተነሣ ፎቶ ነው፤ ከእናታቸው ትከሻ በላይ የጌጡ አንድ ጥግ ይታያል። እሱን አጉልቶ፣ የጎደለውን በግምት ሞልቶ፣ በወረቀት ነድፎ እንጨቱ ላይ በኮላ ለጠፈው። ሁለት ጊዜ ተሰብሮበታል። ፎቶ ላይ የወጣው ሦስተኛው ነው፤ የተሰበሩትን አላሳየም፣ ማንስ ያሳያል?

ሰኞ ሌሊት ኮንዶሚኒየም የምትኖረው ታላቅ እህቱ የድምፅ መልእክት ላከች። መጻፍ ይታክታታል። «እንዴ፣ ከግራ ሦስተኛዋ አበባ እኮ አልነበረችም! አንተው በኳስ ሰብረሃት፣ አባባ ቆርቆሮ መታባት። ረሳኸው እንዴ?» ከዚያ ሳቀች፣ ትንሽ ዝም አለች፣ መልእክቱ አለቀ።

ደጋግሞ አዳመጠው። ዋጋ ለጠየቁት እስካሁን አልመለሰም። ማክሰኞ ከሥራ ሲገባ አዲስ ኮምፐርሳቶ ቆርጦ ንድፉን ለጠፈ፤ ሦስተኛዋን አበባ ሳይበሳ ተዋት።