«ቢላዋውን የሚይዙት ራሳቸው ናቸው?»

ዕድሜዬ 29 ነው። አላገባሁም፣ አልወለድኩም፣ ካንሰርም የለብኝም። በሚቀጥለው ወር ግን ሁለቱንም ጡቶቼን በቀዶ ሕክምና አስወጣለሁ። «አበደች እንዴ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አክስቴም መጀመሪያ ያለችው ይህንኑ ነው።

እናቴ በ41 ዓመቷ በጡት ካንሰር ስትሞት እኔ 12 ዓመቴ ነበር። ቤታችን ውስጥ የበሽታውን ስም የሚጠራ አልነበረም፤ «ያ ክፉ በሽታ» ነበር የሚባለው። አያቴም በዚያው በሽታ እንደሄደች የሰማሁት ብዙ ቆይቶ ነው። እዚህ ሜሪላንድ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የቤተሰብ ታሪክ ስጠየቅ ላሳደገችኝ አክስቴ ደወልኩ፤ ያኔ ነገረችኝ። (እናንተም እናቶቻችሁንና አክስቶቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ።) ምርመራው ብራካ ዋን በሚባለው ዘረመል ላይ ጉድለት እንዳለብኝ አሳየ። ይህ ያለባት ሴት በሕይወት ዘመኗ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከ60 በመቶ በላይ ነው። ጡትን አስቀድሞ ማስወጣት አደጋውን 90 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል።

አንጀሊና ጆሊ እ.ኤ.አ. በ2013 ያደረገችውን ሁላችንም ሰምተናል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ውሳኔው ብቻ አልነበረም፤ ሰውነቴን ለማን ነው የማምነው የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ሐኪም ስመ ጥር ናቸው። ፋይሌን እያገላበጡ «ገና ልጅ ነሽ፤ አግቢ፣ ውለጂ፣ አጥቢ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አሉኝ። ምክሩ መሠረተ ቢስ አይደለም። በየዓመቱ በኤምአርአይ፣ ከ30 ዓመት በኋላ ደግሞ ማሞግራም እየጨመሩ መከታተልም ይቻላል፤ ብዙ ሴቶች የሚመርጡትም ያንን ነው። ግን እናቴ በስንት ዓመቷ እንደሞተች እንኳ አልጠየቁኝም።

ሁለተኛው ጡት መልሶ የሚሠራ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም ነው። የሥራዎቹን ፎቶ አሳየኝ። ሁሉም ነጮች ናቸው። ጆሮዬ ሲበሳ ያወጣብኝን ኬሎይድ አሳይቼው «እንደኔ ዓይነት ቆዳ ላይ ጠባሳው ምን ይመስላል?» አልኩት። ሳቅ ብሎ «አታስቢ» አለኝ። አስቤ ወጣሁ።

ሦስተኛዋ ጋ አክስቴ ካልሄድኩ ብላ አብራኝ መጣች። ሐኪሟ ወንበራቸውን ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና በጣም የምፈራው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። 41 ዓመት አልኳቸው። በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና እንደሚሠሩ ስጠይቃቸው ሳይቆጡ ቁጥሩን ነገሩኝ። የደረቴ ስሜት ሊጠፋ እንደሚችል፣ ጫፉ ቢተርፍ እንኳ ደም ካልደረሰው ሊሞት እንደሚችል፣ ሲሊኮኑ ዕድሜ ልክ እንደማያገለግል፣ አደጋውም ዜሮ እንደማይገባ ዘረዘሩልኝ። ከ35 እስከ 40 ዓመት ባለው ጊዜ ደግሞ የእንቁላል ማፍሪያዎቼን ስለማስወጣት መወሰን እንዳለብኝ፣ ስለ ልጅም ከወዲሁ እንዳስብ ነገሩኝ። ይህን ሌላ ማንም አልነገረኝም ነበር። አብሯቸው የሚሠራው የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም የሦስት ጥቁር ሴቶችን ፎቶ አሳየኝ። አንዱ ያልተሳካ ነበር፤ ምን እንደተበላሸም አስረዳኝ። ልቤ ያረፈው ያኔ ነው።

በኢንሹራንሱ ብዙ አልተንገላታሁም። አሜሪካ ውስጥ ጡት ማስወጣትን የሚሸፍን ኢንሹራንስ መልሶ መሥራቱንም እንዲሸፍን የሚያስገድድ ሕግ ከ1998 ጀምሮ አለ።

ልንነሳ ስንል እስካሁን ዝም ብላ ነጠላዋን ስታስተካክል የነበረችው አክስቴ በአማርኛ «ጠይቂልኝ» አለች። «ቢላዋውን የሚይዙት ራሳቸው ናቸው ወይስ ተማሪ?»

አፈርኩ። እኛ ዘንድ ሐኪም እንዲህ አይጠየቅም፤ ዶክተር ካለ አለ ነው። ለማለሳለስ ሞከርኩ፣ እሷ ግን ፊቴን አይታ ገባት። «እንዳልኩሽ ተርጉሚ!» አለችኝ። እንዳለችው ተረጎምኩ።

ሐኪሟ ወደኔ ሳይሆን ወደሷ ዞረው መለሱ። ተማሪ አብሯቸው ይቆማል፣ ያግዛቸዋል፤ ጡቱን የሚያወጡት ግን ራሳቸው ናቸው። ተረጎምኩላት።

አክስቴ ትንሽ ዝም አለች።

«በይ» አለችኝ ቦርሳዋን እያነሳች፣ «ቀን ቁረጪ።»